ቡና መፍጫ ውስጥ የተጨመረው ሰው፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የግብር ካርቱኖች አነባበብ

አንድ ግዙፍ የቡና መፍጫ ነው። እጀታውን የሚያዞረው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት ነው። ከላይ፣ ፍሬው በሚጨመርበት አፍ፣ እየጮኸ ወደ ውስጥ የሚሰምጠው ጆን ቡል ነው፤ የእንግሊዝ ሕዝብ በአንድ ሰው ሲመሰል የተሰጠው ስም። ከታች የሚዘረገፈው ዱቄት አይደለም፣ ጊኒ የሚባለው የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ነው። ወርቁን ከሚቀበሉት መካከል የዌልሱ ልዑል ጆርጅ አለበት። ካርቱን ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬይ «የተፈጨው ጆን ቡል» ያለው ይህ ሥዕል ለሽያጭ የወጣው ጁን 1 ቀን 1795 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጭካኔው ለማንም ተመልካች ይገባል። የማይገባው ልዑሉ እዚያ ምን እንደሚሠራ ነው። በዚያ ወቅት ፓርላማው የልዑሉን ዕዳ ማን ይክፈለው እያለ ይከራከር ነበር፤ ዕዳው ወደ 630,000 ፓውንድ ገደማ ደርሷል። ልዑሉ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ማግባቱም ከዚህ ዕዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲያገባ የሚመደብለት ገንዘብ ከፍ እንዲል ታስቦ ነበርና። ይህን ካወቃችሁ መፍጫው፣ አፉና መውጫው እያንዳንዳቸው ቦታ ይይዛሉ፦ ከማን ይወሰዳል፣ በማን እጅ ይሰበሰባል፣ ወደ ማን ኪስ ይገባል። ካላወቃችሁ የቀራችሁ የሚጮህ ወፍራም ሰው ብቻ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የግብር ካርቱን ከግብር ሕጉ ጋር ጎን ለጎን ካልተነበበ ግማሹ ይባክናል። ሠዓሊዎቹ ስለ ግብር በጅምላ አያማርሩም ነበር። የትኛው ቀረጥ፣ ስንት፣ በማን ላይ፣ በየትኛው ሳምንት እንደተጣለ ያውቃሉ፤ ገዢዎቻቸውም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ የተቀመጠች ባርኔጣ ወይም የጨው ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ አይደለችም። ከሒሳብ መዝገብ ላይ የተነሣች አንዲት መስመር ናት።

ከታችኛው ጠርዝ ጀምሩ

ዓይን በተፈጥሮው ወደ ፊቶቹ ይሮጣል። ያዙት፤ መጀመሪያ ወደ ታችኛው ጠርዝ ውሰዱት። በሠዓሊው ዊልያም ሆጋርትና በጓዶቹ ጥረት በ1735 የወጣው የቅርጻ ሥዕል ባለመብትነት ሕግ ለ14 ዓመት ጥበቃ ይሰጥ ነበር፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። የባለቤቱ ስምና የወጣበት ቀን ሥዕሉ በሚታተምበት የመዳብ ሰሌዳ ላይ መቀረጽ ነበረበት። በዚህ ምክንያት የለንደን ካርቱኖች ግርጌ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የአሳታሚው ስም፣ ሱቁ የሚገኝበት ጎዳና፣ ቀን፣ ወርና ዓመት ይገኛል። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ቀን የያዘ የሥዕል ዓይነት በዚያ ዘመን ብዙ አይገኝም። ቀኑን ይዛችሁ በዚያ ሰሞን ፓርላማው ምን ይከራከር እንደነበር ስትፈልጉ ግብሩ ራሱ ይመጣል።

ይህ መስመር ከጠፋ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ ቅጂ ነው፤ ወይም ቀድሞ የነበረው ባለቤት አልበም ላይ ለመለጠፍ ጠርዙን በመቀስ ቆርጦታል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። የመዳቡ ሰሌዳ በወረቀቱ ላይ የሚያትመው ስርጉድ ክፈፍም አብሮ ተቆርጦ ከሆነ፣ መስመሩ የጠፋው በመቀስ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ከቀኑ ቀጥሎ ዕቃዎቹን መቁጠር ነው። ፒት በ1783 መጨረሻ ሥልጣን ሲይዝ ከአሜሪካው ጦርነት የተረፈ ከባድ የመንግሥት ዕዳ ጠበቀው፤ በየዓመቱም አዳዲስ ቀረጦች አወጣ። በ1784 ባርኔጣና ጡብ ተቀረጡ። በዚያው ዓመት የሻይ ቀረጥ ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ወረደና በምትኩ የመስኮት ግብር ከፍ አለ። በ1785 ጓንት፣ የችርቻሮ ሱቆችና ሴት የቤት ሠራተኞች መጡ። በ1795 የፀጉር ዱቄት፣ በ1796 ውሻ፣ በ1797 የግድግዳና የኪስ ሰዓት። በእነዚህ ዓመታት ሥዕል ውስጥ ውሻ በገመድ ታንቆ ወይም ሰዓት ከግድግዳ ሲወርድ ካያችሁ የሰው ክፋት አድርጋችሁ አትለፉት፤ ቀኑን ተመልከቱ። የሱቅ ግብሩ ደግሞ ከሌሎቹ ለየት ያለ ትኩረት ይገባዋል፤ ካርቱኖቹን የሚያሳትሙትና የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው ባለሱቆች ነበሩ። ነጋዴው ስለ ሌላ ሰው ሸክም ሳይሆን ስለ ራሱ በር ሲናገር ቁጣው ይለያል። ይህ ግብር በ1789 ተነሣ።

የፀጉር ዱቄቱ ቀረጥ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አንድ ቀረጥ ስንት ትርጉም እንደሚሸከም ከእሱ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በዱቄት ፀጉሩን ማንጣት የፈለገ ሰው በዓመት አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ፣ ከፍሎ የምስክር ወረቀት ይወስድ ነበር። ንጉሣዊው ቤተሰብና ገቢያቸው በዓመት ከ100 ፓውንድ በታች የሆነ ቀሳውስት ነፃ ነበሩ። ብዙ ያላገቡ ሴቶች ልጆች ያሉት አባት ለሁለቱ ከከፈለ ይበቃው ነበር። ጊልሬይ በማርች 1795 «ዱቄት መተው፣ ወይም ጊኒውን የቆጠበው ቆጣቢ ቤተሰብ» ሲል የሳለው ሥዕል ውስጥ አባት ስለ አዲሱ ቀረጥ የሚናገረውን ጋዜጣ ይዞ ቆሟል፤ ፀጉር አስተካካዩ ለእናቲቱ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይዞ ቀርቧል። ይህ የቤት ውስጥ ኮሜዲ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ስንዴ ታጥቶ ስለ ዳቦ ሁከት ይነሣ ነበር፤ የፀጉር ዱቄት የሚሠራው ደግሞ ከስንዴ ከሚወጣ ስታርች ነው። የመንግሥት ተቃዋሚ የነበሩ ባላባቶችም ቀረጡን ላለመክፈል ፀጉራቸውን አሳጠሩ፤ የቤድፎርዱ መስፍንና ወዳጆቹ በግላጭ ተሰብስበው ተቆረጡ። ስለዚህ ከ1795 በኋላ በተሣለ ካርቱን ላይ አጭር ፀጉር የቆጣቢ፣ የተቃዋሚ ወይም የፈረንሳይ አብዮት ደጋፊ ምልክት ሊሆን ይችላል። የከፈሉት ደግሞ «የጊኒ አሳማ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ጊኒ የገንዘቡም የትንሿም እንስሳ ስም ነውና።

እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሞልቷል፤ ቅኔ ለለመደ አንባቢ ሥራው እንግዳ አይሆንም፣ ቋንቋው ብቻ ነው የሌላ ሰው። በ1763 ሲድራ በተባለው የፖም መጠጥ ላይ ቀረጥ የጣለው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ቢዩት በረጅም ቡትስ ጫማ ይመሰላል፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ከጫማው ስም ጋር ይቀራረባል። ሥዕሉ ላይ ባዶ ቡትስ ተሰቅሎ ወይም ሲቃጠል ካያችሁ ሰውዬው እሱ ነው። «ባጀት» የሚለው ቃልም ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣና ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ነው፤ ገንዘብ ሚኒስትሩ ዓመታዊ ዕቅዱን ሲያቀርብ «ከረጢቱን ከፈተ» ይባላል። በኖቬምበር 1796 ጊልሬይ «የባጀቱ አከፋፈት» በሚለው ሥዕሉ ይህን ቃል በቃል ወሰደው። ፒት ከረጢቱን ዘርግቶ ይቆማል፤ የፈረንሳይ ወረራ የፈራው ጆን ቡል ሱሪውን አውልቆ ይሰጠዋል። እዚህ ሥዕል ላይ ከረጢቱን እንደ ተራ ዕቃ የሚያልፍ ሰው ዋናውን ነገር አልፎታል።

ፊቶቹን መለየት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ፒት ሁልጊዜ ቀጭን፣ ረጅምና አፍንጫው ሹል ነው። ተቃዋሚው ቻርለስ ፎክስ ወፍራም፣ ቅንድበ ወፍራምና ጢሙን ያልተላጨ ነው። የፓርላማ አባሉ ኤድመንድ በርክ መነጽር ያደርጋል። የቀረጥ ሠራተኛው ደግሞ በፊቱ ሳይሆን በዕቃው ይታወቃል፦ በርሜል የሚለካበት ዘንግና ልብሱ ላይ የተንጠለጠለ የቀለም ብልቃጥ። የእንጨት ጫማ ደግሞ ለእንግሊዝ ተመልካች የፈረንሳይ ገባር ድህነትና ባርነት ማለት ነው። በ1733 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ዎልፖል ኤክሳይስ የሚባለውን፣ አገር ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ በወይን ጠጅና በትምባሆ ላይ ሊያስፋፋ ሲነሣ ሕዝቡን ያስቆጣው የቀረጡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ተቆጣጣሪዎች የነጋዴውን ሱቅና መጋዘን ገብተው የመፈተሽ ሥልጣን ማግኘታቸው ነው። ለዚህ ነው የዚያ ዓመት ሥዕሎች ኤክሳይስን ብዙ ራስ ባለው ዘንዶ የመሰሉት፤ እያንዳንዱ ራስ አንድ ዕቃ ይውጣል፣ አንዱ ራስ ደግሞ ወርቁን በዎልፖል ጭን ላይ ይተፋል። ዎልፖል ረቂቁን በኤፕሪል 1733 አነሣው።

ከመዳብ እስከ መስኮት

እነዚህን ሥዕሎች የሚያነብ ሰው አሠራራቸውን ማወቅ አለበት፤ ብዙ የንባብ ስሕተት የሚመጣው ከዚያ ነው።

አብዛኛው ካርቱን የሚሠራው መዳብን በአሲድ በማስበላት ነበር። የተወለወለው የመዳብ ሰሌዳ ጠርዙ ወረቀት እንዳይቆርጥ ስለቱ በሞረድ ይወጣል፤ ፊቱ በኖራ ዱቄት ተፈትጎ ቅባቱ ይወጣል። ከዚያ ሰሌዳው ይሞቅና ከንብ ሰም፣ ከሬንጅና ከሙጫ የተቀላቀለ ሽፋን ይቀባል፤ በሐር ጨርቅ በተጠቀለለ ጥጥ እየተመታ ስስና እኩል ይደረጋል። ቅባት ከቀረ ሽፋኑ አይዝም። ሰሌዳው ከልክ በላይ ከሞቀ ሽፋኑ ይቃጠልና ይፈረካከሳል፤ በስንጥቁ አሲድ ይገባና ሥዕሉ መሐል ያልታሰበ ነጠብጣብ ይወጣል። በሰማይ ወይም በግድግዳ ባዶ ቦታ ላይ የምታዩት የተበተነ ጥቁር ነጥብ ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

ሽፋኑ በሻማ ጭስ ይጠቁራል፤ መርፌው ሲጭረው የመዳቡ ቀይ መስመር ጎልቶ እንዲታይ። ሠዓሊው ሰሙን ብቻ ነው የሚጭረው፣ መዳቡን የሚቆፍረው አሲዱ ነው። የመርፌው እጅ እንደ ብዕር ነፃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመዳብ ላይ በብረት ከመፈልፈል እጅግ ይፈጥናል። ለፖለቲካ ካርቱን ይህ ፍጥነት ሕይወት ነው፤ ሰኞ የተነገረ ባጀት በሳምንቱ መጨረሻ መስኮት ላይ መሰቀል አለበት።

ከዚያ በሰሌዳው ዙሪያ የሰም ግንብ ተሠርቶ በውሃ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ይፈስበታል። በመስመሮቹ ላይ የሚፈላው አረፋ በላባ ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ አሲዱ እኩል አይበላም። ቀጫጭን መሆን ያለባቸው መስመሮች ሲበቃቸው አሲዱ ይደፋል፣ እነሱ በቬርኒሽ ይሸፈናሉ፣ የቀሩት እንደገና ይበላሉ። ከበስተኋላ ያሉ ሰዎች ፈዘው፣ ፊት ለፊት ያሉት ጠቁረው የሚታዩት በዚህ የተደጋገመ አሠራር ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው አንዴ ብቻ አስበልቶ ይለቃል፤ ሥዕሉም ጠፍጣፋ ይሆናል።

ሰሌዳ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። ሠዓሊው ሥዕሉንም ሆነ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ጽሑፍ በሙሉ ገልብጦ መጻፍ አለበት። በችኮላ የተሠሩት ላይ አንድ ፊደል ተገልብጦ ታገኛላችሁ። ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው ግን ይህ ነው፦ ሌባ አታሚ የታተመውን ወረቀት አይቶ እንዳለ መዳብ ላይ ሲገለብጥ የእሱ ኅትመት የዋናው የመስተዋት ምስል ይሆናል። ጎራዴ በቀኝ ወገብ ከተንጠለጠለ፣ ሁሉም ሰው በግራ እጁ ከጻፈ፣ የያዛችሁት ከዋናው የተቀዳ ነው ብላችሁ መጠርጠር ትክክል ነው።

ለማተም ሰሌዳው እንደገና ይሞቃል፤ በተፈላ የተልባ ዘይት የተለወሰው ጥቁር ቀለም ወደ መስመሮቹ ይገባል፣ የላዩ በጨርቅ፣ በመጨረሻም ኖራ በነካ መዳፍ ይጠረጋል። ወረቀቱ መርጠብ አለበት፤ ደረቅ ወረቀት ወደ መስመሩ ውስጥ አይወርድም፣ ኅትመቱም የተቆራረጠና ፈዛዛ ይሆናል። ሰሌዳው፣ ወረቀቱና የሱፍ ጨርቁ ተደርበው በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መሐል ያልፋሉ። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ከብዙ መቶ ኅትመት በኋላ ቀጫጭኖቹ መስመሮች መጥፋት ይጀምራሉ። በቅድሚያ የሚጠፉት ደግሞ ፊት ላይ ያሉት ናቸው። ሜዞቲንት በሚባለው፣ ሰሌዳው በጥርስ ብረት ተፈግፍጎ ጥላው በሚሠራበት ዘዴ፣ ጥሩ ኅትመት የሚገኘው ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው።

ቀለሙ በእጅ የሚቀባ የውሃ ቀለም ነው። በሱቁ ውስጥ የሚቀቡት ሠራተኞች አንድ ናሙና ፊታቸው አስቀምጠው ይከተሉ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ቅጂ አንድ ዓይነት አይሆንም። ስለዚህ «ኮቱ ቀይ ስለሆነ ወታደር ነው» ከማለታችሁ በፊት ሌላ ቅጂ ፈልጉ። የተለመደው ዋጋ ያልተቀባው አንድ ሺሊንግ፣ የተቀባው ሁለት ሺሊንግ ገደማ ነበር፤ ትልልቆቹ ከዚያ ይበልጡ ነበር። ይህ ለቀን ሠራተኛ የሚቀመስ ዋጋ አልነበረም። ድሃው የሚያየው በሱቅ መስኮት ነው፤ በሴንት ጀምስ ጎዳና ቁጥር 27 በነበረው የሐና ሐምፍሪ ሱቅ መስኮት ፊት ሰው ይሰበሰብ ነበር፣ ጊልሬይም ይኖር የነበረው እዚያው ፎቅ ላይ ነው። በፒካዲሊ የነበረው ሳሙኤል ፎርስ ደግሞ የካርቱን ጥራዝ ለአንድ ምሽት ያከራይ ነበር። የግብር ካርቱን የድሆች ድምፅ ነው የሚለው አባባል ስለዚህ በልክ መያዝ አለበት፤ ገዢው ራሱ ግብር ከፋይ ባለንብረት ነው፣ ባርኔጣና ሰዓት፣ መስኮትና ሠራተኛ ያለው።

ስለ አሜሪካ፣ ከለንደን

የአሜሪካ ግዛቶችን የግብር ቁጣ የሚያሳዩ ዝነኛ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለንደን ውስጥ ነው። ይህ ሲዘነጋ ሥዕሉ የዓይን ምስክር ይመስላል።

በአሜሪካ ግዛቶች በሰነድና በጋዜጣ ወረቀት ላይ የተጣለው የቴምብር ቀረጥ በ1766 ሲሻር ቤንጃሚን ዊልሰን «ሽረቱ፣ ወይም የወይዘሪት አሜ ቴምብር ቀብር» የሚል ካርቱን አወጣ። ለቅሶኞቹ በወደብ ዳር ተሰልፈዋል። የቀረጡ አባት ጆርጅ ግሬንቪል ትንሽዬ የሕፃን ሬሳ ሣጥን ታቅፏል፤ በ1765 ተወልዳ በ1766 የሞተች ሕፃን። ከፊት የሚሄደው ቄስ ጸሎቱን ሲያነብ ውሻ እግሩ ላይ ይሸናል። ከኋላ የሚታዩት መርከቦች ሽረቱን ያመጡትን የአዲሱን መንግሥት ሰዎች ስም ይዘዋል፦ ሮኪንግሃም፣ ግራፍተን፣ ኮንዌይ። ከአሜሪካ ተመልሶ የመጣ የቴምብር ጥቅልም መሬት ላይ ተቀምጧል። የለንደን ነጋዴ ይህን ሲያይ የሚያየው የራሱን ጉዳይ ነው፤ ቴምብሩ ሲመለስ የእሱ ዕቃ ይጫናል። ዋጋው አንድ ሺሊንግ ሆኖ እጅግ ተሸጠ፤ በቀናት ውስጥም የተሰረቁ ቅጂዎች በግማሽ ዋጋ ወጡ።

የ1774ቱ «የቦስተን ሰዎች ለቀረጥ ሰብሳቢው ሲከፍሉ» ደግሞ በፊሊፕ ዶው እንደተሠራ የሚነገርለት ሜዞቲንት ነው። አምስት ሰዎች አንዱን በሬንጅ ቀብተው ላባ አልብሰው ሻይ በግድ ያጠጡታል። ከበስተኋላ ሌሎች ከመርከብ ላይ ሻይ ይደፋሉ። ዛፉ ላይ የቴምብር ሕጉ ተዘቅዝቆ ተለጥፏል፣ የማነቂያ ገመድም ተንጠልጥሏል። እዚህ አንድ ሰሌዳ ላይ ሦስት የተለያየ ጊዜ አለ፦ የ1765ቱ ሕግ፣ በዲሴምበር 16 ቀን 1773 በቦስተን ወደብ የተደፋው ሻይ፣ በጃንዋሪ 1774 ጆን ማልኮም የተባለው የጉምሩክ ሠራተኛ የደረሰበት ጥቃት። ሠዓሊው እየዋሸ አይደለም፤ ክስ እያቀረበ ነው፤ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበሩ» እያለ። የሰዎቹን ፈገግታ ተመልከቱት፤ ለለንደን ገዢ እነዚህ ጀግኖች አይደሉም። ይህንን ሥዕል የነፃነት ትግል ምስል አድርጎ የሚጠቅስ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደማይ ሳስብ ያሳዝነኛል።

በሳንሱር ሥር

በእንግሊዝ የቅድመ ኅትመት ሳንሱር የቀረው በ1695 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እስከ 1789 ድረስ አለ፤ ስለዚህ እዚያ የግብር ካርቱን ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተናገረ። የታወቀው የ1789ኙ ሥዕል ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በመቆፈሪያው ተደግፎ ጎንበስ ብሏል፤ ጀርባው ላይ ካህንና ባላባት ተፈናጠዋል። ርዕሱ በገበሬው አነጋገር «ይህ ጨዋታ ቶሎ ያበቃል ብለን ተስፋ እናድርግ» ይላል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል። ወደ ኪሱ ሂዱ። ከገበሬው ኪስ ብቅ ያሉት ወረቀቶች ላይ የጨውና የትምባሆ ቀረጥ፣ ታይ የተባለው ቀጥተኛ ግብር፣ የግዳጅ ሥራ፣ አሥራትና የውትድርና ግዴታ ተጽፈዋል። ይህ የምሬት ቃል አይደለም፤ የዕዳ ዝርዝር ነው። የጨው ቀረጡ ጋቤል ይባላል፤ ከፍተኛ ተመን ባለባቸው አውራጃዎች ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በዓመት የተወሰነ ጨው የመግዛት ግዴታ ነበረበት፤ ብሪታኒ ግን ነፃ ነበረች፤ ኮንትሮባንዱም የሚፈላው በድንበሯ ነው። ቀጥሎ መሬቱን ተመልከቱ፦ ጥንቸሎችና ርግቦች አዝመራውን ይበላሉ። ጌጥ አይደሉም። አደን የባላባት መብት ነበር፤ የጌታውን ርግብ ወይም ጥንቸል ገበሬው መግደል አይችልም ነበር። ስለዚህ አውሬው ራሱ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው። ይህ መብት በኦገስት 4 ቀን 1789 ሌሊት ከተሻሩት መካከል ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ተጓዳኝ ሥዕል ገበሬውን ከላይ አስቀምጦታል። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ግማሽ ዓረፍተ ነገር እንደ ማንበብ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1787፣ ሌላ ሥዕል ነበር፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው። ዝንጀሮ የምግብ አብሳይ ሆኖ ለተሰበሰቡ ዶሮዎችና ዳክዬዎች «በየትኛው ስጎ እንድትበሉ ትፈልጋላችሁ?» ይላቸዋል። «ጭራሽ መበላት አንፈልግም» ይሉታል። «ከጥያቄው ወጣችሁ» ይላቸዋል። ዝንጀሮው የገንዘብ ኃላፊው ካሎን ነው። ዶሮዎቹስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚስቱት። ድሃ ገበሬዎች አይደሉም። በፌብሩዋሪ 1787 ቬርሳይ ላይ የተጠሩት ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ ባላባቶች፣ ጳጳሳትና ዳኞች። ካሎን ያቀረበላቸው በባላባትና በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጭምር የሚጣል የመሬት ግብር ነበር። ሥዕሉ የሚያላግጠው ለይስሙላ በተጠራ ምክክር ላይ ነው፤ የሚከላከልላቸው ግን ከብዙ ግብር ነፃ ለነበሩት ነው። ካሎን በኤፕሪል ተሻረ።

ሥዕሉ ማንን ይመታል?

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኔ ትልቁ ነው፤ ግብር የሚታይበት ካርቱን ሁሉ ግብርን አይቃወምም። በዲሴምበር 1792 ጊልሬይ «የፈረንሳይ ነፃነት፣ የእንግሊዝ ባርነት» ብሎ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አጥንቱ የቀረው ፈረንሳዊ ጥሬ ሽንኩርት እየቆረጠመ ግብር የሌለበትን ነፃነቱን ያወድሳል። ቦርጩ የተዘረገፈው እንግሊዛዊ ትልቅ የበሬ ሥጋ እየቆረጠ መንግሥት በግብር አራቆተኝ፣ በረሃብ ሊገድለኝ ነው እያለ ያለቅሳል። ዱላው ሁለቱም ላይ ያርፋል፤ ለመንግሥት ግን የሚመች ዱላ ነው። ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ከመንግሥት ወገን በዓመት 200 ፓውንድ ይከፈለው ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሥዕሎቹን ቀኑን እያየ ያነባል። ቢሆንም ፒትን መሳለቁን አልተወም።

ቅጂ የሚገዛ ወይም የሚመረምር ሰው ደግሞ ሰሌዳውና ወረቀቱ ዕድሜያቸው ሊለያይ እንደሚችል ይወቅ። መዳቡ የ1795 ሆኖ ኅትመቱ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። አሳታሚው ሄንሪ ቦን የጊልሬይን ሰሌዳዎች ገዝቶ እስከ 1851 ድረስ እንደገና አትሟቸዋል፤ ወፍራም ወረቀት፣ ያልተቀቡ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥር ያላቸው፣ ከሁሉም በላይ በሁለቱም ገጽ የታተሙ ናቸው። ስለዚህ ገልብጣችሁ እዩ፤ ከጀርባው ሌላ ካርቱን ካለ በጊልሬይ ዘመን መስኮት ላይ የተሰቀለው አይደለም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሡት። ከ1794 ጀምሮ ዓመተ ምሕረት ያለው የውሃ ምልክት ላለበት ወረቀት፣ ወደ ውጭ ሲላክ የወረቀት ቀረጡ የሚመለስበት ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ወረቀት ሠሪዎች ዓመቱን ማኖር የጀመሩት በዚህ ነው። ግብርን የሚያላግጠውን ሥዕል ዕድሜ የሚነግረን የግብር ሕግ ነው ማለት ነው። በ1796 የተቀረጸ ሥዕል 1801 የሚል ምልክት ባለው ወረቀት ላይ ካለ ዘግይቶ የታተመ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ መስመሩ በእኩል በተደረደሩ ነጥቦች የተሠራ ከሆነ የፎቶ ኅትመት ነው፤ የአሲድ መስመር ያልተቋረጠና ጫፉ ሻካራ ነው፣ ቀለሙም ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ለጣት ይሰማል። የውሃ ቀለሙ በእድፍና በጥገና ላይ ተሻግሮ ከተቀባ ቅቡ የኋላ ሰው ሥራ ነው።

በዓመት መለየት በጣም የሚያስፈልገው ለገቢ ግብሩ ካርቱኖች ነው። ፒት በዲሴምበር 1798 ያቀረበውና በ1799 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ግብር በዓመት ከ60 ፓውንድ በታች የሚያገኙትን አይነካም፤ ከ60 እስከ 200 ድረስ በደረጃ ይጨምራል፤ ከ200 በላይ 10 በመቶ ነው። በማርች 1799 ጊልሬይ «ጆን ቡል በጥናት ላይ» ሲል መፍጫውንም ከረጢቱንም ትቶ ጆን ቡልን ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠው። በእጁ የያዘው የገቢ ግብሩን አንቀጾች ግልጽ፣ አጭርና ቀላል አድርጎ ያብራራል የተባለ ጽሑፍ ነው፤ ዙሪያው ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም አልገባውም። ፒት ከደመና ላይ በገና ይደረድርለታል። ግብሩ በ1802 ቀረ፤ በ1803 ጦርነቱ ሲመለስ በሌላ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በሌላ አሰባሰብና በ5 በመቶ ተመለሰ። ስለዚህ «10 በመቶ» የሚል ወረቀት በጆን ቡል እጅ ካለና ፒት ከበላዩ ከቆመ፣ ጠርዙ የተቆረጠና ቀን የሌለው ቢሆንም፣ መጀመሪያ ፍለጋችሁን ከ1798 መጨረሻ እስከ 1802 ባለው ላይ አድርጉ።